ከግንባር የወረደ አፍንጫ

ውድ ጋሼ፣

ደብዳቤ ሲጀመር መቼም ጤና ይጠየቃል። እኔም "እንደምን ሰነበቱ" ብዬ ጀምሬ ወረቀቱን ቀደድኩት። ከቀበርንዎት ወር እንኳ አልሞላም፣ ምኑን እጠይቅዎታለሁ? ስለዚህ ጤናውን ልዝለለውና እንደ ድሯችን በቀጥታ ወደ ሥራው ልግባ። ከበድ ያለ ቀዶ ሕክምና በጨረስኩ ቁጥር ጓንቴን እንዳወለቅኩ እደውልልዎት ነበር። ስልኩን ያነሱና ሰላም እንኳ ሳይሉኝ "እህ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አበላሸሽ?" ይሉኛል። ሳወራ ይሰሙኛል፣ መሃል ላይ ይቆጡኛል፣ መጨረሻ ላይ "በይ ሂጂ ብዪ፣ ይሄኔ እህል አልቀመስሽም" ብለው ይዘጉታል። የመጨረሻውን ሥራዬን ግን አላወራሁልዎትም። የሠራሁት ደግሞ እርስዎ ላይ ነው።

ከሥራው ሌላም የምነግርዎት አለኝ። እንደሚቆጡ አውቃለሁ። ቁጣዎ ስለናፈቀኝ ብዙም አልፈራሁትም፤ ግን በተራው ይሁንልኝና ከመጀመሪያው ልነሳ።

መጀመሪያ ያየችው ሲስተር ናት። እጅዎ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ቀዶ ሕክምና ካቆሙ በኋላ ወደ ሆስፒታሉ የሚመጡት እኛን ለማስተማር ብቻ ነበር። ሲስተር ደግሞ እኔ ገና ዳዴ ስል ጀምሮ መሣሪያ ስታቀብልዎ የኖረች ናት፣ ፊትዎን ከኔ ይልቅ ታውቀዋለች። አንድ ቀን መነጽርዎን አውልቀው ሲወለውሉ አፍጥጣ አየችዎ።

"ዶክተር፣ አፍንጫዎ ጫፍ ላይ ያለችው ነገር ምንድን ናት?"

"መነጽሩ ፍቆኝ ነው።"

"መነጽር እዚያ ድረስ ይወርዳል እንዴ?"

"የኔ ይወርዳል።"

ይወርድም ነበር። መነጽርዎ አፍንጫዎ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ፣ እርስዎ በላዩ አሻግረው ሲገላምጡን ነው ሁላችንም የምናውቅዎት። ስለዚህ አመንንዎት። ይባስ ብሎ እርስዎም ራስዎን አመኑ። ቁስሏ ትደርቃለች፣ ቅርፊቷ ይነሳል፣ ትደማለች፣ ደግሞ ትደርቃለች። የሌላ ሰው ፊት ላይ ብትሆን በር ላይ ቆመው የሚለዩዋትን ነገር በየጠዋቱ ጺምዎን ሲላጩ እያዩ ዓመት አከረሟት። ተማሪ እንዲህ ቢሳሳት ከክፍል ያስወጡት ነበር።

ናሙናው ተወስዶ ውጤቱ ሲመጣ የቆዳ ካንሰር ሆነ። ደግነቱ ከነገደ ካንሰር ገራሙ ነው፣ ወደ ሌላ አካል የማይሮጥ፤ ያረፈበትን ግን ቀስ እያለ የሚበላ። ቢሮዎ ጠሩኝና "አንቺ ጥድፊያ፣ አንቺ ነሽ የምትሠሪው" አሉኝ። አስር ሰበብ ደረደርኩ። ከኔ የሚበልጡ አሉ አልኩ፣ አባት ማለት ነዎት እንዴት ስለት አነሳብዎታለሁ አልኩ፣ በመጨረሻም "እጄ ይንቀጠቀጥብኛል" አልኩ። የራስዎን እጅ አንስተው ዓይኔ ስር ዘረጉት። ጣቶችዎ እንደ ልማዳቸው ይርገፈገፋሉ።

"ከዚህ ይብሳል?" አሉኝ።

እሺ ብዬ ቀጠሮ ያዝኩ።

መጀመሪያ ክፉውን ነቅለን አወጣን። ላቦራቶሪው ዳር ዳሩ ንጹሕ ነው እስኪል ጠበቅን፤ "ንጹሕነቱ ያልታወቀ ጉድጓድ አይሸፈንም" ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ንጹሕ ነው ተባለ። የቀረው ጉድጓድ ግን የአፍንጫዎን ጫፍና የግራውን ክንፍ ይዞ ሄዶ ነበር። ከጎን ተስቦ በሚመጣ ቆዳ የሚሸፈን አልነበረም። ከግንባር መውረድ ነበረበት።

እርስዎን አስተምራለሁ ብዬ አይደለም የምነግርዎት። ያን ቀን እርስዎ ከታች ተኝተው ስለነበር ከላይ ምን እንደሚመስል አላዩትም፤ እኔ ነኝ ያየሁት። እንቅልፍ አልወስድም፣ ማደንዘዣው ፊቴ ላይ ብቻ ይወጋ ብለው ድርቅ አሉ። "ፊቴ ላይ ስብሰባ ሲደረግ እኔ መቅረት የለብኝም" ሲሉ ሲስተር አፏን በጭምብሏ ላይ ይዛ ሳቀች። የክር ማሸጊያውን ብርማ ወረቀት ደህነኛው የአፍንጫዎ ክንፍ ላይ ተጫንኩት፣ ቅርጹን ያዘ፣ ቆረጥኩት፣ ገለበጥኩት። ያን ቅርጽ ግንባርዎ ላይ ቁልቁል ዘቅዝቄ ሳልኩት።

"ፀጉር እንዳታወርጂብኝ! አፍንጫውን የሚላጭ ሽማግሌ አልሆንም።"

"ጋሼ፣ ፀጉርዎ የት አለና?"

"ለዚሁ ነው ራሰ በራ የሆንኩት። አርቄ አስቤ።"

ቆዳውን በሦስት በኩል ለቀቅኩት። በአራተኛው በኩል፣ ቅንድብዎ አጠገብ፣ ጣት በምታህል ቀጭን ሥር ተንጠልጥሎ ቀረ። ያችን ሥር እርስዎ "እትብት" ነበር የሚሏት፤ የቆዳው ደም በእሷ ነው የሚመጣው፣ ቆዳው ከአዲሱ ቦታ ደም ማግኘት እስኪጀምር አትቆረጥም። አዙሬ አወረድኩት፣ ጉድጓዱ ላይ ሰፋሁት። ከቅንድብዎ ተነስታ በሁለቱ ዓይኖችዎ መሃል አልፋ አፍንጫዎ ጫፍ ላይ የምታርፍ የሥጋ ድልድይ ሆነች። ጫፏን በጣቴ ተጫንኩ፣ ነጣች። ለቀቅኩ፣ ቀስ ብላ ቀላች።

"ደሙ ተመለሰ፣ ጋሼ" አልኩዎ።

ከቀኝ ዓይንዎ ጥግ እንባ ወርዶ ወደ ጆሮዎ ሄደ። ሲስተር የቁስል ማጠቢያው ውኃ የፈሰሰ አስመስላ በጎዝ ጨርቅ ጠረገችልዎ። እኔም ያላየሁ መሰልኩ። ያን ቀን ምን ያህል እንደምወድዎት ልነግርዎት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ግን ሐኪም ስለት ይዞ እንዲህ ያለ ነገር አያወራም ብዬ ዋጥኩት። አሁን ስለት አልያዝኩም። እወድዎታለሁ።

ከዚያ እትብቷ እስክትቆረጥ የሚጠበቁት ሦስት ሳምንታት መጡ።

ስንት ሕመምተኛ ላይ ሲያደርጉት አይቻለሁ! በማግስቱ መስታወት ይሰጡታል፣ ሚስቱን፣ እናቱን፣ ልጆቹን አስጠርተው አልጋው ዙሪያ ያቆሟቸዋል። "ቤተሰቡ ያላየውን ፊት ባለቤቱም አይለምደውም" ይሉን ነበር። አንዲት ሕመምተኛ ፊቷን በአንሶላ ሸፍና አልገልጥም ስትል አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ግማሽ ቀን ሲያባብሏት ነበርኩ። እኔ ሞኟ እርስዎም እንደዚያው ይሆናሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ቤትዎ እንደገቡ ግን የመጻሕፍት ክፍልዎን ከውስጥ ቆለፉት። መኝታዎን እዚያው አስነጠፉ። ምግብዎ በር ላይ ይቀመጥና የባለቤትዎ የእትዬ ኮቴ ሲርቅ ያስገቡታል። የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ሆነ፣ ፋሻ ቀያሪዋ እኔ።

እትዬ ኮሪደሩ ላይ ወንበር አስቀመጡ። ሹራባቸውን ይዘው እዚያው ይውላሉ፣ በበሩ በኩል ትጨቃጨቃላችሁ።

"አንተ ሰውዬ፣ ዛሬስ ምን ይመስላል?"

"አፍንጫ።"

"የማን አፍንጫ?"

"አንቺ ሴትዮ ሥራ የለሽም?"

"ሥራዬ አንተ ነህ። ክፈት!"

"ሲያልቅ ታዪኛለሽ።"

እኔ ውስጥ ሆኜ ፋሻውን ስፈታ እርስዎ እየሳቁ ነበር የሚመልሱላቸው፤ ዓይንዎ ግን አይስቅም። አንድ ቀን ድፍረት አገኘሁና "ለሕመምተኛው ሁሉ የሚናገሩትስ?" አልኩዎ።

"እሱ ለሕመምተኛ ነው።"

"እርስዎስ ምንድን ነዎት ታዲያ?"

"እኔ ባሏ ነኝ።"

ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። ገና ሲተዋወቁ እትዬ ለጓደኞቻቸው "እኔ ያገባሁት አፍንጫውን ነው፣ የቀረው ምርቃት ነው" ይሉ እንደነበር። እጅዎ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሸሚዝዎን የሚቆልፉልዎት እሳቸው እንደሆኑ። ሲቆልፉልዎት ፊታቸው ላይ የምትመጣውን ነገር እንደማይችሏት። "አዘነችልኝ" አሉ። "አንዴ አዝናልኛለች። ሁለተኛ በዚህ አፍንጫ ላይ ስታዝንልኝ ማየት አልፈልግም። ቃል ግቢልኝ፤ ሳያልቅ እንዳታየው። ፎቶውንም ቢሆን።" ለእያንዳንዱ ደረጃ ፎቶ እንደምናነሳ ያውቃሉ፣ ሥርዓቱ የእርስዎ ነው። ቃል ገባሁ። እትዬንም በበሩ በኩል ቃል አስገቧቸው፣ ምንም ቢፈጠር ፋሻውን እንዳይነኩ።

ደስ ያለንም ቀን ነበር፣ አልዋሽም። አፍንጫዎን በጥጥ ስጠርግ ድንገት እጅዎን ግንባርዎ ላይ አሳርፈው "እዚህ ነካሽኝ!" አሉ። አልነካሁዎትም ነበር። የነካሁት አፍንጫዎን ነው። ቆዳው ግን የመጣበትን ስላልረሳ ግንባር ነኝ ይላል። "ይሄን ለሰው ስናገር ስንት ዘመኔ ነው፣ ለካ እውነት ኖሯል!" ብለው እንደ ልጅ ደጋግመው አስነኩኝ። ሳቅዎን የሰሙት እትዬ ከውጭ "እኔም ልሳቅ እንጂ!" ብለው በሩን በመዳፋቸው መቱት። አልከፈቱላቸውም።

የመቁረጫው ቀጠሮ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ጠዋት መጥቼ ፋሻዎን ቀየርኩ። አፍንጫዎ ሞቅ ያለ፣ ደም የሞላው፣ እንዴት ያምር ነበር! "ነገ በዚህ ሰዓት ሰው ትሆናለህ" ብለው በመስታወቱ ራስዎን አነጋገሩ። ከሰዓት በኋላ እትዬ ደወሉልኝ። "አይመልስልኝም" ነው ያሉኝ፣ ሌላ ቃል የላቸውም። እኔ እስክደርስ ጎረቤት ያለውን አናጢ ጠርተው በሩን አስከፍተዋል። ወንበርዎ ላይ ተቀምጠው፣ መነጽርዎ ጭንዎ ላይ፣ መጽሐፉ ወለሉ ላይ ነበር። የከዳዎት ልብዎ ነው። እጅዎን ስይዘው አልተንቀጠቀጠም፣ በዚያ አወቅሁ።

እትዬ አጠገብዎ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጉልበትዎን ይዘዋል። ፋሻው እኔ እንዳሰርኩት ነው።

"አልነካሁትም" አሉኝ። "ቃል አስገብቶኛል።"

"እትዬ..."

"ቀጠሮው ነገ ነበር አይደል?"

"አዎ፣ ነገ ጠዋት ነበር።"

"እንግዲያው ነገ ይደረግለት። ሳያልቅ አይቀበርም። አንድ ነገር ጀምሮ ሲተው አይቼው አላውቅም።"

የሆስፒታሉን ኃላፊ አስፈቀድኩ። እሱም የእርስዎ ተማሪ ነው፤ መሐረቡን አውጥቶ ወደ መስኮቱ ዞረ። ጠዋት አስከሬን ክፍል ስገባ ሲስተር ቀድማኝ ነበር። ነጭ ጨርቅ አንጥፋ፣ መብራት አስገብታ፣ መሣሪያውን አንድም ሳታጎድል ደርድራለች። ማደንዘዣውን በሲሪንጅ ቀድታ አቀበለችኝ። ተቀበልኳት። ከዚያ ሁለታችንም ሲሪንጁን አየነው። ወስዳ በቀስታ መልሳ አስቀመጠችው።

እትብቷን ቆረጥኩ። ጎዙን በግራ እጄ ይዤ ደሙን ጠበቅሁ፤ እጅ ልማዱን አይተውም። ምንም አልመጣም። ያልደማ ቁራጭ ማለት የሞተ ቁራጭ ነው፣ ሥራው ከሸፈ ማለት ነው ብለው አስተምረውኛል። ጠዋት ጠዋት ፋሻ ስፈታ ከሁሉ በላይ የምፈራው ያንን ነበር። ጋሼ፣ ሥራው አልከሸፈም ነበር። ትናንት ቀይ ነበር፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። አፍንጫው ድኖ ነበር እኮ፣ እርስዎ ነዎት የሞቱበት።

የተረፈውን አሳሳሁት፣ የላይኛውን ጠርዝ አስተካክዬ ሰፋሁ። ሥሯን ወደ ቅንድብዎ መልሼ ሁለቱን ቅንድቦች በክር ለካሁ፤ ካልተስተካከሉ ሰውዬው ዕድሜ ልኩን የተገረመ ይመስላል ይሉን አልነበር? ካለን ክር ሁሉ ቀጭኑን ነው የተጠቀምኩት። የፊት ስፌት ቶሎ ካልወጣ መስመር ይተዋል። የመጨረሻውን ቋጠሮ ስቋጥር መቼ እንደማወጣው ማሰብ ጀምሬ ነበር። እዚያ ላይ አቃተኝ። መቀሱን ለሲስተር ሰጥቼ ግድግዳው ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። ክሩን የቆረጠችው እሷ ናት።

ሥራው ይሄ ነው። እንዳያፍሩብኝ አድርጌ ጨርሻለሁ። አሁን ወደሚያስቆጣዎት ልምጣ።

እትዬን አስገባናቸው። ጥቁር ለብሰው፣ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ገቡና አዩዎት። በጣታቸው ከግንባርዎ መስመር ጀምረው እስከ አፍንጫዎ ጫፍ ድረስ ሄዱበት።

"አማረበት" አሉ። "እጅሽ ይባረክ።"

"አሜን፣ እትዬ።"

"እሱ የፈለገው ይሄንን ነው። ተደረገለት።" ወደኔ ዞሩ፤ እንደዚያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። "እኔ የፈለግሁት ግን ያንን፣ ያላለቀውን ነበር። ያለቀውንማ ዛሬ ለቀስተኛው ሁሉ ያየዋል። አንቺ አየሽው፣ ይቺም አየችው። እኔ ሚስቱ ነኝ። በር ላይ ሹራብ ስሠራ ከረምኩ!"

ያሉት ድልድይ በዚያች ሰዓት በእኔው እጅ ተቆርጦ፣ ትርፍራፊው ሳህኑ ላይ በጎዝ ተሸፍኗል።

"ፎቶ ታነሳላችሁ አይደል?" አሉኝ።

"እትዬ፣ ቃል አስገብተውኛል።"

"እኔንም አስገብቶኛል። እኔ ቃሌን ጠበቅሁ። ምን ተረፈኝ?"

ሲስተር ወለሉን ታያለች። የሕመምተኛ አደራ ሰውየው ቢሞትም አይሞትም ያሉኝ እርስዎ ነዎት፣ አልረሳሁትም። እርስዎን አየሁ፣ እሳቸውን አየሁ። ስልኬን አወጣሁና አሳየኋቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ። ፎቶውን በጣታቸው አሰፉት፣ ወደ ዓይናቸው አቀረቡት። ግንባርዎ ላይ ያለውን ቁስል፣ ጠምዘዝ ብላ የምትወርደውን እትብት፣ አፍንጫዎ ጫፍ ላይ ያበጠውን ሥጋ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አዩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልደግፋቸው ጠጋ አልኩ። ጋሼ፣ እያለቀሱ አልነበረም። እየሳቁ ነበር።

"አንተ ዝሆን!" አሉዎት። ዞረው ደረትዎን በመዳፋቸው መቱት። "ይቺን ኩምቢ ነው የደበቅከኝ? አይ አንተ ሰውዬ! አይ አንተ! ኧረ እንዴት ታምራለህ!" እየሳቁ ያቺን ስልክና ፊትዎን ያመሳክራሉ፤ ሲስተርንም አሳቋት፣ እኔንም። ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ሌላ ነገር ሆነባቸውና ደረትዎ ላይ ተደፉ።

ያን የፈሩትን ነገር ፊታቸው ላይ ፈልጌ ነበር፤ ተጠንቅቄ ነው ያየኋቸው። ሐዘኔታ አልነበረም። አንዲትም አልነበረችም። እርስዎ የሰው ፊት ሲጠግኑ ተሳስተው የማያውቁት ሰው፣ እሳቸው ፊት ላይ የሚመጣውን ነው ያላወቁት።

ፎቶውን ላኪልኝ አሉኝ፣ ላክሁላቸው። ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ሄጄ ሰው ሲደውልላቸው ስልካቸው ላይ ብቅ ያለው እርስዎ ነዎት፣ ከነኩምቢዎ። እንደሚናደዱ አውቃለሁ። የመጻሕፍት ክፍሉ ሲወለወል ውሎ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እትዬ በሩ አጠገብ አቀርቅረው እንዲህ አሉኝ፦

"ታውቂያለሽ፣ ቢከፍትልኝ ኖሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ አብረን እንስቅ ነበር።"

እርስዎ መልስ ካለዎት ይንገሯቸው። እኔ ግን ሌላ ቀን ቢመጣ፣ ያቺኑ ቃል ዳግመኛ አፈርሳታለሁ።

ቃሏን ያፈረሰችው ተማሪዎ፣
ጥድፊያ